ቆመን የለካንበት መንገድ

ሥራዬ መሬት መቀየስ ነው። በ2016 ጥር ላይ ለአንድ ጓደኛዬ ቦታ ችካል ልተክል ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። መውረድ ስል የምሬን ነው። ከጦሳ ተራራ ሥር በጉም ውስጥ ጃኬትህን እስከ አንገትህ ቆልፈህ ትሳፈራለህ። ሚኒባሱ የሐረጎን ቁልቁለት እየተጥመዘመዘ ሲወርድ መጀመሪያ ዚፑን ትከፍታለህ፣ ቀጥሎ መስኮቱን፤ ኮምቦልቻ ስትደርስ ጃኬቱ ክንድህ ላይ ተንጠልጥሏል። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን ከ2,500 ሜትር አካባቢ ወደ 1,850 አካባቢ ነው የምትወርደው። ደሴ ላይ ጋቢ፣ ኮምቦልቻ ላይ ሸሚዝ።

የጓደኛዬ ቦታ ግቢው ጀርባ ነው። ግቢ የምለው የተማርኩበትን ዩኒቨርሲቲ ነው፤ እዚያ ያለፈ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጠራው፣ ሌላ ግቢ በዓለም ላይ የሌለ ይመስል። ከተመረቅኩ ወዲህ በዚያ በኩል በእግሬ ሄጄ አላውቅም ነበር። ትራይፖዱን ዘርግቼ፣ መለኪያ መሣሪያዋን፣ ቶታል ስቴሽኑን ጭኜ፣ መስተካከሏን የምታሳየውን አረፋ መሀል ላይ ለማምጣት ጎንበስ ብዬ ስታገል ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ።

«አንተ ልጅ፣ ደግሞ መጣህ?»

ዞር አልኩ። አንድ ሽማግሌ፣ ሽርጥ የታጠቁ፣ ፎጣ ትከሻቸው ላይ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ያዩኛል። አላወቅኳቸውም። ፊቴን አይተው ገባቸው መሰለኝ፣ «ጥንቅሽ ያበላሁህ!» አሉኝ። ያኔ ነው ትዝ ያሉኝ። እንዴት እንዳስታወሱኝ እስካሁን ይገርመኛል። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የሚባለው በዚያች ደቂቃ ትዝ አላለኝም፤ በኋላ ነው የመጣልኝ።

ሰላምታው ረዘመ፤ ወሎ ነዋ። እናትህ ደህና ናት፣ አባትህስ፣ ወለድክ ወይ፣ ስንት፣ ደሴ ብርዱ እንዴት ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ከዚያ ምንም ሳይቆጡ፣ ድምፃቸውን እንኳ ሳይቀይሩ፣ የብርዱን ጥያቄ በጠየቁበት ቃና እንዲህ አሉ፦

«ለመሆኑ መንገዴን የት አደረሳችሁት?»

ማሽላው

በ2004 ጥቅምት ላይ ነው። ሲቪል ኢንጂነሪንግ ሁለተኛ ዓመት ነበርን፤ የሰርቬይንግ፣ የመሬት ቅየሳ ማለት ነው፣ ፕራክቲካል። ለክፍሉ ሁሉ ያለችው መሣሪያ አንዲት ስለሆነች ቡድኖቹ በተራ ነበር የምንወስዳት፤ ለእኛ የደረሰን ተራ ደግሞ ከምሳ በኋላ ያለው ሆነ። የኮምቦልቻን የምሳ ሰዓት ፀሐይ የሚያውቅ ይፍረደን። መምህራችን ከዶርሙ ጀርባ ያለውን መሬት ለክታችሁ ካርታ አምጡ አለን። አጥሩ ያኔ በእንጨት ላይ የተወጠረ ሽቦ ነበር፤ ጥጃ በሥሩ ሾልኮ ይገባል፣ እኛም በሥሩ ሾልከን ወጣን።

ማዶ ማሽላ ነው። ከሰው ቁመት በላይ የሆነ፣ ራሱ የከበደው ማሽላ። ለቀያሽ ከዚህ የከፋ ነገር የለም። መሣሪያዋ የምታነጣጥርበትን መስታወት፣ ፕሪዝሙን በዘንግ የያዘው ልጅ እርሻው ውስጥ እግሩን ሲያስገባ ይጠፋል። «የት ነህ?» ስንለው «አለሁ! አለሁ!» ይላል፤ ድምፁ ይሰማል፣ የሚታየው ግን የማሽላው ራስ ሲወዛወዝ ብቻ ነው። ዘንጉን እስከ መጨረሻው ብናስረዝመውም አልሆነም። አንድ ሰዓት ሙሉ ለክተን አምስት ነጥብ እንኳ አልያዝንም፤ የመሣሪያዋ ባትሪ ደግሞ እያለቀ ነው።

እርሻው መሀል ማማ አለ። ማማው ላይ አንድ ሰው ወንጭፍ ይዘው ግሪሳ ያባርራሉ። ድንጋዩን ሲለቁት የሚሰማው ጧ የሚል ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ብዙ ጊዜ እኛን ሲያዩ ቆዩ። ሳቃቸውን ይዘው የቆዩ ይመስለኛል። በመጨረሻ ወረዱና «ምን ጠፍቶባችሁ ነው?» አሉን። መሬቱን ልንለካ ነው አልናቸው። ምን ለምን ብለው አልጠየቁም። «ታዲያ ማሽላ ውስጥ ምን ትሠራላችሁ? ኑ» ብለው አንድ ቦታ ወሰዱን። «እዚህ ላይ ቁሙ። ከዚህ ሁሉም ይታያል።»

ያቆሙን የእግር መንገድ ላይ ነው። ቀይ አፈር፣ ስፋቱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ፣ ማሽላውን ለሁለት የከፈለ። እናቴ የእህቴን ፀጉር ሹሩባ ልትሠራ በማበጠሪያ ጫፍ እንደምትከፍለው፣ ልክ እንደዚያ። አህያ፣ ጄሪካን ያዘሉ ሴቶች፣ የቁርአን ሰሌዳ ብብታቸው ሥር የያዙ ልጆች በላዩ ያልፋሉ። እኛን ሲደርሱ ትራይፖዱን እየዞሩ ይቅርታ ይጠይቁናል፤ መንገዳቸው ላይ የተገተርነው እኛ፣ ይቅርታ የሚጠይቁት እነሱ።

ከስምንቱ የመሣሪያ ማቆሚያዎቻችን ስድስቱ መንገዱ ላይ ነበሩ። ከዚያ ሆነን ሁሉንም ያዝን፦ ዛፍ፣ ቤት፣ ቦይ፣ የመብራት ፖል፣ የአጥሩን ማዕዘን። ስንጨርስ ሰውየው ጥንቅሽ ቆርጠው ለስድስታችንም ሰጡን። ቅርፊቱን በጥርሳችን እየላጥን፣ ጭማቂው እስከ ክርናችን እየፈሰሰ በሽቦው ሥር ተመለስን።

ስህተታችን ሲሰላ ከ2 ሴንቲ ሜትር በታች ወጣ። ከክፍሉ አንደኛ። ኮንቱሩ፣ የከፍታ መስመሩ ማለት ነው፣ ያማረ፣ ዛፎቹ ክብ ክብ፣ ሰሜኑን የምታሳየው ቀስት በቀይ። ኤ አገኘን፤ ካርታው ለሳምንት ያህል ዲፓርትመንቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር።

መንገዱ የለበትም።

ሰውየው ማሽላ፣ እኛ ዲግሪ

እዚህ ላይ ግቢውን ክፉ አድርጌ መሳል አልፈልግም። እኔ ራሴ የዩኒቨርሲቲዎች መስፋፋት ልጅ ነኝ። አገራችን የመጀመሪያውን የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የከፈተችው በ1943 ነው፣ አዲስ አበባ። ከዚያ ለአሥርት ዓመታት ዩኒቨርሲቲ መግባት ማለት የጥቂት ዕድለኞች ነገር ነበር። የወሎ ልጅ ወይዘሮ ስህን ተምሮ ቢያልፍ ሻንጣውን ይዞ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ዓለማያ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ግን 13 አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች በአንድ ጊዜ መገንባት ተጀመሩ፤ ግንባታው በጀርመኑ የልማት ድርጅት በጂቲዜድ በኩል ነበር የሚመራው። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ናቸው። አባቴ ስምንተኛ ክፍል ነው ያቆመው። እኔ ከቤቴ አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ ኢንጂነር ሆንኩ።

በ2000 ደግሞ ሰባ ሠላሳ መጣ። ከመቶው ተማሪ 70ው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ማኅበራዊ ሳይንስ። ይሄ በወሬ ደረጃ ቀላል ነው፤ በመሬት ደረጃ ግን ከባድ ነው። ታሪክ የሚማር ልጅ ወንበርና ሰሌዳ ይበቃዋል። ኢንጂነሪንግ የሚማረው ወርክሾፕ ይፈልጋል፣ ላብራቶሪ ይፈልጋል፣ የኮንክሪት መጭመቂያ ማሽን የሚቆምበት አዳራሽ ይፈልጋል። ዶርሙ፣ ካፌው፣ የመምህራን መኖሪያው ሲጨመር ግቢው መጠኑ አልበቃውም። ለዚያም ነው እነዚህ ግቢዎች ሁሉ ከከተማ ዳር የተተከሉት፤ ዳር ላይ መሬት አለ ይባላላ። መሬት አለ ማለት ሕንፃ የለም ማለት ነው እንጂ ሰው የለም ማለት እንዳልሆነ ለመረዳት እኔ አሥራ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ኮምቦልቻ በዚያ ዘመን በአንድ ወገን ብቻ አይደለም የተለጠጠችው። የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ የባቡር መስመር መጣ፣ በ2009 የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ፣ ሰዉ ተጨመረ፣ ባጃጁ በረከተ። ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ ሁሉም እየሮጠ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ። ሁሉም ተፈቷል አልልም፤ ብዙው ጥሩ አድርጎ ታጥቋል። የተፈታው እንዲህ ዓይነቱ ትንሽ ነገር ነው፤ አንድ የእግር መንገድ።

አጥሩ በ2008 ወደ ማዶ ተገፋ። በዚያን ጊዜ እኔ ተመርቄ ደሴ ሥራ ይዣለሁ። ሽቦው ቀርቶ የብሎኬት ሆነ። ጥጃም ተማሪም በሥሩ አይሾልክም።

«ለልምምድ?»

ወደ 2016ቱ ጥር ልመለስ። «መንገዴን የት አደረሳችሁት?» ሲሉኝ መጀመሪያ ሳቅኩ። የቀልድ መስሎኝ። ከዚያ ቀልድ እንዳልሆነ ገባኝ። በሰውየው ሐሳብ ነገሩ ግልጽ ነው፦ አንድ ቀን ስድስት ልጆች መሣሪያ ይዘው መጡ፣ ለኩ፣ ጥንቅሽ በሉ፣ ሄዱ። ቀጥሎ ሌሎች መሣሪያ ይዘው መጡ። ቀጥሎ አጥሩ መጣ። ለእሳቸው የመጀመሪያዎቹና የመጨረሻዎቹ አንድ ናቸው። እኛው ነን።

ተከላከልኩ። አሁን ሳስበው ትንሽ ተጣድፌያለሁ።

«አባባ፣ እኛኮ ተማሪዎች ነበርን። ለልምምድ ነው የለካነው። ወረቀቱን ማንም አላየውም።»

«ለልምምድ?»

«አዎ፣ ለትምህርት። ማርክ ሊሰጠን።»

ዝም አሉ። ከዘራቸውን መሬቱ ላይ ሁለቴ መታ መታ አደረጉ። የተቀበሉኝ መሰለኝና ቀለል አለኝ።

«እና መንገዱን ጽፋችሁት ነበር?»

መዋሸት እችል ነበር። ካርታው የት እንዳለ ማንም አያውቅም። «አዎ» ብዬ አረፋዋ ላይ መጎንበስ እችል ነበር።

«አልጻፍነውም» አልኩ።

«እህ» አሉ። «ለልምምድ ካልጻፋችሁት ለእውነቱ ማን ይጽፈዋል?»

ምንም አልተጨመረበትም። ቀጥለው ቡና ግባ አሉኝ፣ ሥራ አለብኝ አልኩ፣ ስትጨርስ አሉ፣ እሺ ብዬ ሳልገባ ሄድኩ። ችካሎቹን ተክዬ፣ ዕቃዬን ጠቅልዬ፣ ባጃጅ ይዤ። አፈርኩ ማለት ይሻላል።

የማሽላው ተከፍሏል

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ጓደኛዬ አንድ ችካል ተነቅሎብኛል ብሎ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር በስልክም ላስረዳው እችል ነበር። ሁለት ኪሎ ስኳር ይዤ ሄድኩ።

ሰውየው ቅሬታ ሊያሰሙኝ ይጀምራሉ ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። አልጀመሩም። «የማሽላውን ከፍለውኛል፣ አልዋሽም» አሉኝ። በብሩ አሁን ያሉበትን ቤት አድሰዋል፣ ከኋላ ሦስት ሰርቪስ ክፍል ሠርተው ለነንካፌ፣ ግቢው ካፌ ለማይመገቡ ተማሪዎች ያከራያሉ። የልጅ ልጃቸው በር ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት ከፍቷል፤ የመመረቂያ ወረቀት ወቅት እንቅልፍ የለውም። «ማሽላውን ግሪሳ ነበር የሚበላው፣ እነዚህ ልጆች ኪራይ ይከፍላሉ» ብለው ሳቁ። ከተከራዮቹ አንዷ በሕመም ስትተኛ አጥሚት ያጠጧት የእሳቸው ባለቤት ናቸው። መስፋፋቱን የጠላው ሰው አልነበረም እዚያ ቤት ውስጥ።

ነገሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። መንገዱ ከመንደራቸው ተነስቶ በማሽላው መሀል ወደ ማዶ ይሄድ ነበር። ማዶ መስጊዱ አለ፣ ምንጩ አለ፣ የመቃብሩ ቦታ አለ። ርቀቱን በሜትር አልነገሩኝም። «አቦሉ ተቀድቶ እወጣለሁ፣ ቶናው ሳይፈላ እመለሳለሁ» ነው ያሉኝ። አሁን በአጥሩ ዙሪያ ነው የሚኬደው። በረካውም ያልቃል።

«ለእኔስ ግድ የለም፣ ቀስ ብዬ እሄዳለሁ» አሉ። «ጀናዛ ስንሸከም ነው የሚከብደው። አምና ጎረቤቴን ስንወስድ ተሸካሚ አራት ጊዜ ተቀያየርን። ድሮ አንዴም አንቀያየርም።»

እንግዲህ ሕጉን ልንገራችሁ፣ በሥራዬ ምክንያት ስለማውቀው። አጥሩ ሲገፋ የነበረው አዋጅ ቁጥር 455/1997 ነው። መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅ ገበሬ ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 ተባዝቶ ይከፈለዋል ይላል። በ2011 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ይህ ተሻሽሎ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ተመርጦ በ15 ይባዛል። ቤቱ ይገመታል፣ ባሕር ዛፉ ይቆጠራል፣ ጌሾው ሳይቀር ይቆጠራል። አዲሱ አዋጅ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥም ካሳ የሚል ነገር ጨምሯል፣ እሰየው ነው። ግን ሁሉም ነገር የሚጀምረው ባለቤት ሲኖር ነው። የእከሌ ማሽላ፣ የእከሌ ቤት፣ የእከሌ አራት ባሕር ዛፍ። መንገዱ የማን ነው? የሁሉም ስለሆነ በማንም ስም ቅጽ አይሞላለትም። ምርት አይሰጥም፣ በ10ም በ15ም ብታባዛው ያው ዜሮ ነው።

ማንም ተንኮል የሠራ አይመስለኝም፣ ይሄን ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ገማቾቹ የሚቆጠረውን ቆጥረዋል። ካርታ የሠራው ሰው የተባለውን ሠርቷል። የግቢው በር ላይ ያለውን ጥበቃ ቆሜ አናግሬዋለሁ፤ ሽማግሌዎቹን በውስጥ ብታሳልፏቸው ምናለበት አልኩት። መታወቂያ ያስፈልጋል አለኝ፤ እሱ እንዳለው መመሪያው ነው። ትንሽ ቆይቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔ ራሴ የዚያ ሰፈር ልጅ ነኝ፣ ፈረቃዬ ሲያልቅ ዞሬ ነው የምገባው» አለኝ።

እኛ ብንስለውስ ኖሮ? ምንም አይቀየርም ነበር። ይሄንንም ለራሴ እውነቱን ነግሬዋለሁ። የእኛ ካርታ ከግድግዳው ወርዶ መጋዘን ነው የገባው፤ አጥሩን ያሰመሩት ሰዎች አላዩትም። ስለዚህ ጥፋተኛ አይደለሁም። ታዲያ ለምን ለሊት ላይ ትዝ ይለኛል?

አንድ ቅዳሜ ቢሮ ብቻዬን ገብቼ የሠራኋቸውን ካርታዎች አንድ በአንድ ከፈትኩ። ከተመረቅኩ ወዲህ ያሉትን። ደሴ፣ ሐይቅ፣ ኩታበር፣ ኮምቦልቻ። አስፋልት አለ፣ ጠጠር መንገድ አለ፣ ኮብልስቶን አለ። አጥር፣ ፖል፣ የውኃ ቆጣሪ፣ የስልክ ሳጥን። አንድ ቦታ ላይ የውሻ ቤት ሁሉ ለክቼ አስገብቻለሁ። የእግር መንገድ የለም። አንድም። መኪና የማያልፍበት ነገር ዓይኔ ውስጥ አይገባም ማለት ነው። ያደግኩት ደሴ ነው፤ ከአራዳ እስከ ሆጤ ድረስ አቋራጭ ሲወርድና ሲወጣ የኖረ ልጅ ነኝ፣ ደረጃና ቀጭን መንገድ ያሳደገኝ። ትምህርት ቤት አርፍጄ ያልተገረፍኩት በአቋራጭ ነው። መሣሪያዋን ስተክል ግን አይታየኝም።

ፍላሹ

የድሮ ዳታዬ ያለበት ፍላሽ አልጠፋም። በ2014 ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ሁላችንም የቻልነውን ይዘን ነው የወጣነው። እኔ የያዝኩት ዲግሪዬን፣ የእናቴን ፎቶና አንዲት ኪስ ውስጥ ያሉ ፍላሾች ናቸው። ስንመለስ ቢሮው ባዶ ነበር፤ ኮምፒውተር የለ፣ ወንበር የለ። ፍላሾቹ ግን ነበሩ።

የ2004ቱን ፋይል ስከፍተው ረድፍ ረድፍ ቁጥር ነው። የነጥብ ቁጥር፣ ምሥራቅ፣ ሰሜን፣ ከፍታ፣ መጨረሻ ላይ የነጥቡ ስም። ዛፍ። ዛፍ። ቤት። ቦይ። መሬት። መሬት። መሬት። እስከ ታች ወረድኩ። መንገድ የሚል አንድም የለም።

ፋይሉን ልዘጋ ስል ከላይ ያሉትን ስምንት ረድፎች አየኋቸው። መሣሪያዋ የቆመችባቸው ቦታዎች። አንደኛ ማቆሚያ፣ ሁለተኛ ማቆሚያ። ካርታ የምስልበት ፕሮግራም፣ አውቶካድ ላይ ጣልኳቸው። ከዚያ ስድስቱን በመስመር አያያዝኳቸው።

መንገዱ ወጣ።

ማለቴ፣ መስመር ነው የወጣው፣ አምስት ቀጥ ያሉ ቁራጮች። ግን ያለው እሱ ነው። ለክተነዋል። ከለካነው ሁሉ በጥንቃቄ የለካነው እሱን ነው፤ ማቆሚያ ከተሳሳተ ሁሉም ይሳሳታልና እያንዳንዱን ደጋግመን ነበር ያረጋገጥነው። ስህተቱ ከ2 ሴንቲ ሜትር በታች። እግራችን ሥር ስለነበረ አልሳልነውም። ርዝመቱን አየሁ፣ ስድስት መቶ ሜትር ገደማ። የአጥሩን ዙሪያ በቀጣዩ እሑድ ስልኬን ይዤ በእግሬ ሄድኩበት፤ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው፣ ያውም በባዶ እጅ፣ ምንም ሳልሸከም።

ከዚያ ወዲህ በሥራዬ ላይ አንድ ኮድ ጨምሬያለሁ፤ እመ፣ የእግር መንገድ ለማለት። ረዳቴ መጀመሪያ ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ ባለቤቱ ይሄን አላዘዘንም» አለኝ። አላዘዘንም። ግን ሦስት ነጥብ መጨመር ሦስት ደቂቃ ነው። አንዳንዱ ባለጉዳይ ካርታው ላይ አይቶ ይሄ ሰረዝ ሰረዝ ምንድነው ይላል፣ ስነግረው ግማሹ አጥፋልኝ ይላል። እኔም አጠፋለሁ፤ እንጀራ ነው። ከዳታው ግን አላጠፋውም።

ወረቀቱ

ካርታውን በትልቅ ወረቀት አትሜ ወሰድኩላቸው። የ2004ቱ ካርታ፣ መንገዱ በቀይ የገባበት፣ አዲሱ አጥር በጥቁር ላዩ ላይ።

በረንዳው ላይ ቡና እየፈላ ነው። ወረቀቱን ተቀበሉኝና ወደ ዓይናቸው አቀረቡት፣ አራቁት። ገልብጠው ነው የያዙት። ላቃናላቸው እጄን ስሰድ «ቆይ» አሉኝ።

«ፀሐይዋ በየት በኩል ናት እዚህ?»

የምሥራቁን ጎን በጣቴ አሳየኋቸው። ተነሡ። ወረቀቱን ይዘው የቤታቸው ግቢ መሀል ቆሙና የምሥራቁን ጎን ፀሐይ ወደምትወጣበት አዞሩት። ከዚያ መሬት ላይ አንጥፈው በአራት ጠጠር አስያዙት። እኛ ለዚህ ሙሉ ምዕራፍ ተምረንበታል፣ ኦሬንቴሽን ይባላል።

ጣታቸውን ከቤታቸው ላይ አስነሡት። ቦዩን አገኙት። «ይሄ የእኛ ውኃ ነው።» ማማው የነበረበትን አገኙት። ቀዩን መስመር ይዘው በዝግታ ሄዱ፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ አጥሩ ላይ ሲደርሱ ሳይቆሙ አለፉት። ሦስተኛውና አራተኛው ማቆሚያ መሀል ላይ ጣታቸው ቆመ።

«እዚህ ጋ ውሸት ነው።»

«ምኑ ነው ውሸቱ አባባ?»

«ቀጥ አይልም። እዚህ ጋ ዞሮ ነው የሚያልፈው። ሾላ ነበረች።»

ፋይሉን በሐሳቤ ቃኘሁት። እዚያ ቦታ ዛፍ አልያዝንም። ነገርኳቸው።

«እናንተ ስትመጡማ ወድቃለች። እኔ ልጅ እያለሁ ነው የወደቀችው። መንገዱ ግን መዞሩን አልተወም።» ሳቁ። «ሰው ለምዷል። ዛፉ የለም፣ ሰዉ ይዞራል።»

እስክሪብቶ ጠየቁኝ፣ ሰጠኋቸው። ተንበርክከው፣ በግራ እጃቸው ወረቀቱን ይዘው፣ ቀዩ መስመር ላይ የሆድ ቅርፅ ያለው ጥምዝ ሳሉ። በካርታው ስኬል ባሰላው ጥምዙ አርባ ሜትር ይወጣል፤ ለአንድ ሾላ ትንሽ ይበዛል። አልነገርኳቸውም።

«አሁን ልክ ነው» አሉና ወረቀቱን አራት አድርገው አጥፈው ከትራሳቸው ሥር ሊያኖሩት ገቡ። እኔም አንድ ለራሴ ፈልጌ ስለነበር ቡናው ቶና ሳይደርስ ለምኜ ተቀበልኳቸውና የልጅ ልጃቸው ጋ ይዤው ሄድኩ። ማሽኑ ትልቁን ወረቀት አልወሰደም። ለሁለት ከፍሎ አነሳልኝና በፕላስተር ካያያዘው በኋላ፣ የአያትህ ነው ብለውም አሥር ብር አስከፈለኝ።